ከመረቡ በኋላ ያሉ እጆች፦ የጣና ዓሣ፣ የየካ ማዕድ እና ያልተቆጠሩ ሴቶች

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ማለዳ የሚሄድ ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶችን ያገኛል። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የከተማዋን የማገዶ ችግር ለማቃለል ከገባ ወዲህ፣ የአዲስ አበባ ምድጃ ለረጅም ዘመን ሲነድ የኖረው በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ነው። ሆኖም የማገዶ ፍጆታ ሲሰላ እንጨቱ በሜትር ኩብ ይቆጠር ነበር እንጂ ተሸካሚዋ አትቆጠርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ አዲስ አበባ ሴት እንጨት ተሸካሚዎችና በከተማዋ ዙሪያ ስላለው ደን የወጣው ጥናት፣ ጉዳዩ ከደን ጥበቃ ባሻገር የሥራና የኑሮ ጥያቄ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር ተመሥርቶ አባላቱ በሽመና መተዳደር ጀመሩ። ችግሩ አልተወገደም፤ ዛሬም ሸክሙ ከዳገቱ ይወርዳል። ነገር ግን ከተቆጠሩ በኋላ ስለ እነርሱ መነጋገር ተችሏል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዓሣ ነው። በእንጦጦ የማገዶ ታሪክ የጀመርሁት፣ የሀገራችን የዓሣ ሀብት ጥናት ዛሬ የሚገኘው የማገዶ ጥናት ከ1991 በፊት በነበረበት ደረጃ ላይ ነው ብዬ ስለማምን ነው። መረቡንና ጀልባውን እንቆጥራለን። ከመረቡ በኋላ ያለውን ቢላዋ፣ የማድረቂያ ቆጥና ድስት ግን አንቆጥርም። በእኔ አመለካከት ይህ ጉድለት የሥርዓተ ፆታ ፍትሕ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዓሣ ለሚያስፈልገው ሕፃን የማይደርስበት አንዱ ምክንያትም ነው።

የራሴ መጠይቅ ስህተት

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ለማስተርስ ጥናቴ የመስክ ሙከራ ወደ ባሕር ዳር በሄድሁ ጊዜ የያዝሁት መጠይቅ «ዓሣ ያጠምዳሉ?» በሚል ጥያቄ ይጀምር ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጀልባ፣ ሦስተኛው ስለ መረብ ዓይነትና ርዝመት ነበር። ለመጀመሪያው ጥያቄ «አላጠምድም» ከሚል ሰው ጋር ቃለ መጠይቁ እዚያው ያበቃል። በሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው ዓሣ ሲበልቱ ካገኘኋቸው ሴቶች መካከል አንዲት እናት ጥያቄውን ሲሰሙ ሣቅ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ የት አውቄ ዓሣ አጠምዳለሁ? የመጣውን እሠራለሁ እንጂ» አሉኝ። እኔም በቅጹ መሠረት «አይመለከታቸውም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ አለፍሁ። ማታ ቅጾቹን ስደረድር፣ ካነጋገርኋቸው ሴቶች አንዲቷ እንኳ በጥናቴ ውስጥ እንዳልቀረች ተገነዘብሁ። ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲያጸዱ፣ ሲበልቱና ሲሸጡ የዋሉትን ሰዎች በአንድ ጥያቄ ከዓሣ ሀብት አስወጥቻቸዋለሁ።

ስህተቱ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመጽሔት አይበቃም ነበር። መጠይቁን ያዘጋጀሁት ግን ከእኔ በፊት የተሠሩ ጥናቶችን አርአያ አድርጌ ነው። በዘርፉ የተለመደው አሠራር የዓሣ ምርትን ከጀልባና ከመረብ አንጻር መለካት ነው፤ ምርቱ በወደብ ተመዝኖ ሲመዘገብ የተመራማሪው ሥራ ያበቃል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ም ዋና ትኩረቱ የማጥመድ ፈቃድ፣ የማጥመጃ መሣሪያና የሀብቱ ጥበቃ ነው። ሀብቱን መጠበቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዓሣ ምግብ የሚሆነው በወደብ ሳይሆን በማዕድ ቤት ነው፤ ከወደብ እስከ ማዕድ ቤት ያለው መንገድ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው።

ዓለም አቀፉ መረጃ ምን ያሳያል?

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በፆታ ተለይተው ከተመዘገቡ ሠራተኞች መካከል በማጥመድና በዓሣ እርባታ ላይ ከተሰማሩት ሴቶች 24 በመቶ ሲሆኑ፣ ከምርት በኋላ ባለው ሥራ ግን 62 በመቶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቁት የአነስተኛ ደረጃ ዓሣ አስጋሪነት መመሪያዎችም ስለ እሴት ሰንሰለትና ስለ ሥርዓተ ፆታ እኩልነት ራሳቸውን የቻሉ ምዕራፎች አሏቸው። እንግዲህ ከምርት በኋላ ያለውን ሥራ ያልመዘገበ ሀገር የዘርፉን አብዛኞቹን ሴቶች አልመዘገበም ማለት ነው።

የሥነ ምግብ ሳይንስም ወደዚሁ ይመራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በትሪኒዳድ የተወለዱት ሳይንቲስት ሻኩንታላ ሃራክሲንግ ቲልስቴድ፣ በባንግላዴሽ ገጠር ባደረጉት የረጅም ጊዜ ጥናት ሞላ የተባለች ትንሽ ዓሣ በቫይታሚን ኤ፣ በካልሲየም፣ በብረትና በዚንክ እጅግ የበለጸገች መሆኗን አሳይተዋል። ቁም ነገሩ ዓሣዋ ከነጭንቅላቷና ከነአጥንቷ መበላቷ ነው፤ ቫይታሚን ኤው በብዛት የሚገኘው በዓይኗና በሆድ ዕቃዋ፣ ካልሲየሙ በአጥንቷ ነው። የባንግላዴሽ ገጠር ሴቶች የትንንሽ ዓሣን ጥቅም ከቤተ ሙከራ በፊት ያውቁት ነበር። ተመራማሪዋ የተለዩት ይህን የማዕድ ቤት ዕውቀት እንደ መላምት ወስደው በመመርመራቸው ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ ዕለታዊ ማዕዳችን በእህልና በጥራጥሬ ላይ የተመሠረተ ነው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት ብረትና ዚንክ በሰውነት እንዳይመጠጡ ያግዳል፤ ጥቂት ዓሣ ሲጨመርበት ግን መምጠጡ ይሻሻላል። ስለዚህ ዓሣ የሽሮውን ቦታ መውሰድ አይጠበቅበትም። በሽሮው ውስጥ በጥቂቱ መገኘቱ ብቻ ትርጉም አለው።

ዓሣው ወዴት ይሄዳል?

የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳመለከተው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶ የሚሆኑት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበር፤ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ውስጥ አነስተኛውን ተቀባይነት ያለው አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከክልሎች ሁሉ የመቀንጨር መጠኑ ከፍተኛ የነበረው በአማራ ክልል ሲሆን 46 በመቶ ደርሶ ነበር። ዝቅተኛው በአዲስ አበባ ተመዝግቧል፤ 15 በመቶ ነበር። የሀገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ጣና የሚገኘው በአማራ ክልል ነው። ከጣና የሚወጣው ቆሮሶ ግን ፊሌቶ ሆኖ በበረዶ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል፤ አምባዛውና ሌላውም ቋንጣ ሆኖ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገር ኖሯል። ዓሣው የሚሄደው ሕፃናቱ ወደ ቀነጨሩበት ሳይሆን ዋጋ ወዳለበት ነው። ነጋዴውን በዚህ መውቀስ አይቻልም። ፖሊሲ የሚያስፈልገው ግን ገበያ ብቻውን የማያደርገውን ለማድረግ ነው።

ይህም ሲባል አዲስ አበባ የደረሰው ዓሣ የከተማዋን ድሃ ይመግባል ማለት አይደለም። በሁዳዴ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ባሉ ምግብ ቤቶች ዓሣ ጉላሽና የተጠበሰ ዓሣ ይበዛል፤ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ ሴት ግን ወደዚያ ገበታ አትቀርብም። የፊሌቶ ዋጋ የተሠራው ለእርሷ አይደለም። ከአንድ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ነው። ገዢው የሚከፍለው ለዚህ ሲሶና ለበረዶው፣ ለመኪናው፣ ለማቀዝቀዣው ነው። ቀሪው ጭንቅላት፣ አጥንትና ቆዳ በአብዛኛው በሐይቁ ዳር ይቀራል። በሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሄደ ሰው በዚህ ቅሪት ዙሪያ የሚሰበሰቡትን አባ ኮዳዎች አይቷል። በማዕድናት ከበለጸገው የዓሣው ክፍል ብዙው የወፍ ቀለብ ይሆናል፤ ለሰው የሚቀርበው ደግሞ በማዕድናት ድሃ የሆነውና በዋጋ ውዱ ክፍል ነው።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዓሣን ወደ ቤተሰብ ደረጃ ለማውረድ የኩሬ እርባታን ማበረታታቱ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን መፍትሔው ለሁሉም ስፍራ አንድ አይሆንም። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሞቃት ውኃ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት፣ ሌሊቷ በሚቀዘቅዝ፣ ወንዞቿም በቆሻሻ በተበከሉ ከተማ፣ በተለይም በእንጦጦ ግርጌ፣ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ መጠበቅ ብዙ ተስፋ የሚጣልበት አይመስለኝም። የካ ለዓሣ ልማት የምታበረክተው በኩሬ ሳይሆን በማዕድ ቤቷ ይመስለኛል።

ትንንሽ ዓሣና የባልትና ዕውቀት

በጣና ሐይቅ ቁመታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ትንንሽ የባርበስ ዝርያዎች አሉ። አንደኛዋ ኢንተሮሚየስ ታናፔላጊየስ በሳይንስ የተሰየመችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ሌላ የትም አትገኝም። እሸቴ ደጀን እ.ኤ.አ. በ2003 በዋኽኒንኸን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የእነዚህን ትንንሽ ዓሦች ሥነ ምህዳርና ለዓሣ ሀብት ሊሰጡ የሚችሉትን ጥቅም መርምረዋል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዐሠርት ዓመታት አልፈዋል፤ የጣና ገበያ ግን ዛሬም የትልልቅ ዓሣ ገበያ ነው። በአንጻሩ በቪክቶሪያ ሐይቅ ኬንያውያን ኦሜና፣ ታንዛኒያውያን ዳጋ የሚሏት ትንሽ ዓሣ በፀሐይ ደርቃ፣ ያለ በረዶና ያለ ማቀዝቀዣ ረጅም መንገድ ተጉዛ፣ በየገበያው በጣሳ እየተሰፈረች ትሸጣለች። አድራቂዎቹና ሻጮቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ድሃ ቤተሰብ ኪሎ ፊሌቶ መግዛት ባይችል አንድ ጣሳ ደረቅ ዓሣ ይገዛል።

ማድረቅ፣ መውቀጥ፣ መፍጨትና መቀመም ለኢትዮጵያ ሴት አዲስ ሙያ አይደለም። ቋንጣ የሰቀለ፣ በርበሬ ያሰጣ፣ ሽሮ ያዘጋጀ እጅ ለዓሣ ዱቄት የሚያስፈልገውን ዕውቀት አብዛኛውን ይዞታል። በሾላ ገበያና በየሰፈሩ የባልትና ውጤት የሚያዘጋጁ የሴቶች ማኅበራት ማከፋፈያ፣ ደንበኛና መታመን አላቸው። በጣና ዳር በሴቶች የሚደርቅ ትንንሽ ዓሣና በንጽሕና የተያዘ የቆሮሶ አጥንት፣ በየካ በሚገኝ የባልትና ማኅበር ተፈጭቶ ከሽሮ ጋር ቢመጠን፣ የከተማዋ ድሃ በሚያውቀው ወጥ ውስጥ ዓሣ ያገኛል።

ለዚህ ምርት የታወቀ ገዢም አለ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ያካሂዳል፤ ምግቡን የሚያዘጋጁት መጋቢ እናቶች ናቸው። በየካ ክፍለ ከተማ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ቢሞከር፣ የምርቱን ተቀባይነትና የልጆቹን ጤና ለመለካት አመቺ ይሆናል። ትርፉ ግን ለየካ ብቻ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው ኪሎ ዱቄት መድረስ ያለበት መቀንጨር ወደጠናበት ወደ ጣና ዙሪያ ነው፤ ይህም በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ግብ ጋር ይስማማል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሀብቱ ነው፤ ከሁሉም የከበደውም እርሱ ነው። የጣና ትልልቅ የባርበስ ዝርያዎች ምን እንደ ደረሰባቸው እናውቃለን። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገቡ በኋላ፣ ለመራባት ወደ ወንዞች አፍ በሚሰበሰቡበት ወቅት ሲጠመዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ክምችታቸው በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል። ከእነዚህ ዝርያዎች ገሚሶቹ የሚመገቡት ትንንሾቹን ዓሦች ነው፤ ስለዚህ ትንንሾቹን ያለ ልክ መልቀም ትልልቆቹን ለሁለተኛ ጊዜ መጉዳት ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሙከራው ከቅሪት መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የሚጣለውን ጭንቅላትና አጥንት መጠቀም ከሐይቁ አንድ ተጨማሪ ዓሣ አይወስድም። ትንንሾቹ ዓሦች መከተል ያለባቸው የክምችት ጥናት ተደርጎ፣ ወቅትና መጠን ከተወሰነላቸው በኋላ ነው።

ሁለተኛው የጾም ጉዳይ ነው። ዓሣ በጾም የሚመገቡ ቤተሰቦች አሉ፤ ፈጽሞ የማይነኩም አሉ። ዱቄት የተቀላቀለበትን ሽሮ ሳያሳውቁ ማቅረብ የሰውን እምነት መድፈር ነው፤ አንድ ጊዜ ከተደረገ ደግሞ ምርቱን ለዘለዓለም ያስጠላል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ በግልጽ መጻፍ፣ በትምህርት ቤትም የወላጅን ፈቃድ መጠየቅና አማራጭ ምግብ ማቅረብ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። የሴቶች ሥራ የነበረው ነገር ዋጋ ሲያወጣ ወደ ባለገንዘብ እጅ መግባቱ የተለመደ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ከኦሜና ብዙው ዛሬ ወደ እንስሳት መኖ ፋብሪካ ይሄዳል፤ ድሃው የሚበላውን ዓሣ ከዶሮ ጋር ይሻማል። በኬንያ ዳርቻ ደግሞ ጀልባ የሌላት ነጋዴ ዓሣ ለማግኘት ገላዋን እንድትሰጥ የምትገደድበት «ጃቦያ» የሚባል ልማድ ተመዝግቧል። በንዱሩ የባሕር ዳርቻ ሴቶች ተደራጅተው የራሳቸውን ጀልባ ለመያዝ የተነሡት ከዚህ ለመውጣት ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ቢላዋና ማድረቂያ ይዛ ዓሣውን ግን በሌላ ሰው በጎ ፈቃድ የምታገኝ ሴት ነጻ ሠራተኛ አይደለችም። ስለዚህ በዓሣ አምራች ማኅበራት ውስጥ የአባልነት መስፈርቱ ጀልባና መረብ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ዓሣ የሚሠሩትንም ማካተት አለበት።

አራተኛው የእንጦጦው ትምህርት ነው። ዓሣን በጭስ ማድረቅ ማገዶ ይፈልጋል፤ ማገዶም ተሸካሚ ይፈልጋል። የአንዲቱን ሴት ገቢ በሌላዪቱ ጀርባ ማሳደግ አይገባም። በፀሐይ የሚሠራና ከመሬት ከፍ ያለ የማድረቂያ ቆጥ ለአሸዋና ለሻጋታም መፍትሔ ይሆናል። ዝናብ በሚበዛበት ወቅት ማጨስ የግድ ከሆነ፣ ፋኦ በሴኔጋል ከሚገኝ ማሠልጠኛ ጋር ያዳበረውን ማገዶ ቆጣቢ የቲያሮይ ምድጃ መሞከር ይቻላል።

ለተመራማሪዎች የቀረበ ጥሪ

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሦስት ሥራዎች ይቀሩናል። አንደኛ፣ መጠይቆቻችንን እናርም። «ዓሣ ያጠምዳሉ?» የሚለውን ጥያቄ «ትናንት ከዓሣ ጋር የተያያዘ ምን ሥራ ሠሩ? ስንት ሰዓት? ምን አገኙ?» በሚል እንተካው፤ በዚህ ብቻ የሐይቁ ዳር የሰው ኃይል ስዕል ይለወጣል። ሁለተኛ፣ የሚጣለውን እንመዝን። በየወደቡ ከፊሌቶ በኋላ የሚቀረው ክፍል መጠኑና የንጥረ ነገር ይዘቱ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚመጥን፣ ለሀገር የሚጠቅም ርዕስ ነው። ሦስተኛ፣ የዓሣ ሳይንስ ተማሪ፣ የሥነ ምግብ ተማሪና የሥርዓተ ፆታ ጥናት ተማሪ በአንድ መስክ አብረው ይውጡ። እስካሁን የመጀመሪያው በጀልባ፣ ሁለተኛው በጤና ጣቢያ፣ ሦስተኛው በገበያ ሲቀር፣ ዓሣው በሦስቱ መካከል ሲጠፋ ኖሯል።

ዓሣ ብቻውን ረኀብን ያጠፋል የሚል እምነት የለኝም። የአንድ ኢትዮጵያዊ ዓመታዊ የዓሣ ድርሻ ከ1 ኪሎ ግራም በታች ሲገመት በቆየበት፣ የዓለም አማካይ ደግሞ 20 ኪሎ ግራም ባለፈበት ጊዜ፣ ክፍተቱ በአንድ መርሐ ግብር አይሞላም። ነገር ግን ባለን ጥቂት ዓሣ ገሚሱን ጥለን፣ ቀሪውን ለማያስፈልገው አድርሰን፣ የሠራችውን ሳንቆጥር ምርት እንጨምር ማለት የተሸነቆረ እንስራ መሙላት ነው።

ወደ ባሕር ዳር ተመልሼ እሄዳለሁ። አዲሱ ቅጽ ታርሟል። እኒያን እናት ካገኘኋቸው መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ጀልባ አይሆንም፤ ስለ ቢላዋቸው፣ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ምን እንደሚያደርጉት፣ ከዚያም ልጆቻቸው ማታ ምን እንደሚበሉ ነው።